የለንደኑ መጽሐፍና የጋይንት መንገድ

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የማተሚያና የጋዜጣ ነገር ነው፤ ታሪኩ የሚያልፈው ግን ማተሚያ ባልነበረበት አገር፣ በጉና ዙሪያ ነው። ጉናን ታውቁታላችሁ፤ ፊቱን ለደብረ ታቦር፣ ጎኑን ለእስቴ፣ ጀርባውን ለጋይንት ሰጥቶ የተቀመጠውን ተራራ። ከእርሱ ወዲያ አገሩ ቁልቁል እየወረደ ስማዳን ይዞ አባይና በሽሎ ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ ወገዳ ይባላል።

በዚያ አገር ወሬ የራሱ ሠራተኞች ነበሩት። ነጋሪት ጎሳሚው የሹሙን አዋጅ ገበያ መሀል ያሰማል። አሞሌ የጫነ ነጋዴ የወሎን ወሬ ወደ ጎንደር፣ የጎንደርን ወደ ወሎ ያመላልሳል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዞር ከቁራሹ ጋር ወሬም ይለቅማል። አዝማሪውማ የመኳንንቱን ገመና በቅኔ ሸፍኖ አደባባይ ያወጣዋል፤ ሲጠይቁት እኔ የዘፈንኩት ስለ በቅሎ ነው ብሎ ይምላል። ዓርብ የተነሣ ወሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጣራል፤ ሰኞ ሌላ ገበያ ላይ አድጎና ጎርምሶ ይገኛል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባለቤት የሌለው ወሬ ደግሞ ማንንም አያስከስስም።

መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። ጋይንት ቤተልሔምን ያዩ፣ ዙር አባን የተሳለሙ ያውቁታል። ድጓ የሚማር ሰው መጽሐፉን ከሱቅ አይገዛም ነበር፤ ራሱ ይጽፈዋል። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይዳመጣል፣ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። መቃው ይቀረጻል፤ ከዚያ ቆሞ የሚታይ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ወራት ሙሉ። ዜማው ደግሞ ከፊደሉ ራስ ላይ በደቃቅ ምልክት ይሰፍራል። እንዲህ ተለፍቶበት ብራና ላይ የሚገባ ስም ተራ ስም አይደለም። ወይ የጻድቅ ነው፣ ወይ የከሓዲ። ወይ ይዘከራል፣ ወይ ይረገማል። ለወሬ የሚሆን ቦታ ብራና ላይ የለም። ይህችን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእርሷ ላይ ነው።

ስለ ማተሚያ ካነሣን ዘንድ፣ ፊደላችን ማተሚያ ያየው ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ነው። በፈረንጅ 1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደል ቆጥሮ፣ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል እያገዙት የግእዝ ዳዊት አሳተመ። ከውቅያኖስ ማዶ፣ እንግሊዞች በያዙት የአሜሪካ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ1640 ነው፤ ቦስተን አጠገብ፣ ካምብሪጅ በምትባል መንደር። እርሱም መዝሙረ ዳዊት ነበር። በ127 ዓመት ቀደምናቸው ማለት ነው። ለመኩራት ግን አትቸኩሉ፤ የኛ የታተመው ሮም ላይ ነው። እነርሱ መሣሪያውን በመርከብ ጭነው መንደራቸው ተከሉት። በኛ በኩል ማተሚያ ቀይ ባሕር ዳር የደረሰው በፈረንጅ 1863 ነው፤ ቢያንኬሪ የሚባሉ የላዛሪስት ሚሲዮን ካህን ምጽዋ ላይ ሲያቋቁሙት። ያውም ምጽዋ ያን ጊዜ በቱርክ እጅ ነበረች።

በዚያችው በ1863 ነው ጎንደር ላይ ስለ ታተመ መጽሐፍ ሰው የታሰረው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አድርገዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው አንጥረኛና መድፍ ሠሪ ሆነው የቀሩ ጀርመኖችና ስዊሶች ሰፍረዋል። በኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1855 ንጉሡ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ አስጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ መልእክተኞቻቸው ቱርክ ሳያስቀራቸው ባሕሩን የሚሻገሩበት መንገድ ፈለጉ። ደብዳቤውን የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ተቀበለና ወደ ለንደን አስተላለፈው። በቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ለንደን ደርሷል። ከዚያ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ተመራና መዝገብ ውስጥ ተኛ። መልስ የሚጽፍ አልተገኘም።

እጅ የጻፈው ወረቀት ለንደን ላይ ሲተኛ፣ ለንደን ላይ የታተመው ወረቀት ወደ ቤጌምድር ገሰገሰ። ሄንሪ ስተርን ይባላል ጸሐፊው፤ ጀርመን አገር የተወለደ አይሁዳዊ፣ ኋላ ክርስቲያን ሆኖ ለእንግሊዝ ሚሲዮን የገባ። ቤተ እስራኤልን ሊሰብክ በ1860 በፈረንጅ መጣ፣ ንጉሡንም አገኘ፣ ተመልሶም በ1862 ለንደን ላይ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ እንደ ነበሩ ጻፈ።

አዬ ጉድ! የኮሶውን ነገር ለምታውቁ ልለፈው፣ ለማታውቁ ልንገር። ንጉሡ ገና ካሳ ኃይሉ ሲባሉ፣ በሽፍትነታቸው ዘመን፣ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃች ወንድይራድ በእመቤቱ ፊት ፎከረ። ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አንገቱን ይዤ አመጣዋለሁ አለ። ወሬው እንደ ወሬ ከድንኳን ድንኳን ዞሮ ካሳ ጆሮ ገባ። ጦርነቱ ሆነ፤ የተያዘው ወንድይራድ ነው። ካሳ አልገደሉትም። ኮሶ አስመጡና አጠጡት፤ እናቴ ገበያ ውላ ሳይሸጥላት የተረፈ ነው፣ እንካ ቅመስ ዓይነት ነገር ብለው። እናንተዬ፣ የአፍ ስድብ እንዲህ ነው የሚመለስ! የተናገረው አፍ ራሱ ጠጣው። ሰፈሩ ሳቀ፤ አዝማሪው ቅኔ አገኘበት፤ ከዚያ በኋላ ስድቡ የሚነገረው የካሳን ብልሃት ለማሳየት ሆነ። በወገዳ ገበያም ይህ ወሬ ሲዞር ያሸነፈው ካሳ ነው።

ለንደን ላይ የታተመውን ግን ማንን ታጠጣለህ?

ስተርን ተመልሶ መጣ። በኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1856 ሳይጠራ ወደ ንጉሡ ሰፈር ገባ፤ ቀኑ ከፍቶ ዋለ፤ አስተርጓሚው አላምር አለ፤ ሁለት አሽከሮቹ ተደበደቡ፣ ሁለቱም ከድብደባው ሞቱ። ስተርን ይህን እያየ ጣቱን ነከሰ። በኛ አገር ጣት መንከስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ? ቆይ ነው፣ እበቀልሃለሁ ነው። እርሱ ደንግጦ ይሆናል፤ የነከሰው ግን በንጉሥ ፊት ነው። እርሱም ተደብድቦ ታሰረ። ከዚያ ሻንጣው ተፈተሸ። የእርሱም የባልደረባው የሮዘንታልም ጽሑፍ ወጣ፤ ንጉሡን የሚነካው ሁሉ ተፈልጎ ተተረጎመ።

ኅዳር ላይ ጎንደር ሸንጎ ተዘረጋ። በአገሩ ያሉ አውሮፓውያን ተጠርተው ተቀመጡ። ካህናቱና መኳንንቱ ቆሙ። ወረቀቱ ተነበበ። ፍርዱ ሞት ነው ተባለ፤ ንጉሡ ሞቱን ትተው ሰንሰለቱን አደረጉት። ጥር ሳይጋመስ ካሜሮንም ያለ ንግሥቲቱ መልስ መቀመጡ ተቆጥሮበት በብረት ገባ። መጽሐፉና ደብዳቤው በአንድ ሰንሰለት ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ አንዱ የማይገባውን ስለ ተናገረ፣ አንዱ መልስ ስላጣ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ የንጉሡን ቁጣ ብቻ ያወራል። እኔ አልስማማም። ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን መልሱልኝ፦ በዚያ አገር መጽሐፍ ማለት የቤተልሔም ድጓ ነው፣ ዳዊት ነው፣ ፍትሐ ነገሥት ነው። ፈረንጁ የኮሶውን ነገር የጻፈው እንደ ወሬ ነው፤ በመርከብ ላይ ሲነበብ የሚውል የጉዞ ጽሑፍ፣ ከዓመት በኋላ ማንም የማያስታውሰው። ንጉሡ የሰሙት ግን በመጽሐፍ ተጽፎ ነው። የሰለሞን ዘር ነኝ ለሚል ንጉሥ፣ እናቱ በመጽሐፍ ኮሶ ሻጭ ተብላ መግባቷ ለዘለዓለም መረገም ነው። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት ኮሶው እውነት ነው ውሸት ነው ብለው አይደለም። በጎንደሩ ሸንጎ ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው የለም።

ይህን ጥያቄ ያነሣ ሸንጎ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ኑ፣ ኒውዮርክ ልውሰዳችሁ፤ ከጎንደሩ ፍርድ 128 ዓመት ወደ ኋላ። ኒውዮርክ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት፤ ገዢዋ ዊሊያም ኮዝቢ የሚባል ገንዘብ ወዳድ ሹም። ጆን ፒተር ዜንገር የሚባል፣ እርሱም እንደ ስተርን ጀርመን አገር የተወለደ፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያ አለ። በፈረንጅ 1733 የገዢው ጠላቶች ደገፉትና ሳምንታዊ ጋዜጣ ማተም ጀመረ። ጋዜጣው ገዢውን ይወጋል፤ አንዳንዴ በግልጽ፣ አንዳንዴ እንደኛ አዝማሪ በእንስሳ ስም እየሸፈነ። ኮዝቢ የጋዜጣውን ቅጂዎች ሰብስቦ በአደባባይ አስቃጠለ። በኅዳር 1734 ደግሞ ዜንገርን አሰረው።

የዜንገር ሚስት አና ትባላለች። ባሏ ታሥሮ ጋዜጣው አንድ ሳምንት ብቻ ተቋረጠ፤ ከዚያ በየሰኞው ወጣ። እርሱ በእስር ቤቱ በር ቀዳዳ ምን እንደሚደረግ ይነግራል፣ እርሷ ከሠራተኞቹ ጋር ታትማለች። ዘጠኝ ወር ግድም እንዲህ ዘለቁ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህችን በር ነው። ጠበቃውን ሁሉም ያወድሳል፤ አናን የሚያነሣት ጥቂት ነው።

ጠበቃውም ቢሆን አይናቅም። አንድሩ ሃሚልተን፣ ከፊላደልፊያ የመጡ ሽማግሌ። በእንግሊዝ ሕግ ሹምን በጽሑፍ መንካት ወንጀል ነው፤ ጽሑፉ እውነት ከሆነማ ይባስ ብሎ ነው፣ ሕዝብ ያነሣሣልና። የሸንጎው ዐሥራ ሁለት ሰዎች ሥራ ሰውየው አትሟል ወይስ አላተመም የሚለውን መለየት ብቻ ነው። ሃሚልተን ተነሡና አዎ፣ አትሟል አሉ። ዳኛው ነገሩ አለቀ ብሎ ሲደሰት፣ ሽማግሌው ወደ ዐሥራ ሁለቱ ዞሩ፦ የታተመው እውነት ከሆነ ሰው ስለ እውነት ይታሰራል ወይ? በነሐሴ 1735 ዐሥራ ሁለቱ ጥቂት ተማክረው ወጡና ነፃ ነው አሉ። ሕጉ በዚያ ቀን አልተለወጠም። ግን ከዚያ በኋላ በቅኝ ግዛቶቹ አንባቢ ፊት ጋዜጠኛን አስሮ ማሸነፍ ከበደ።

የአሜሪካ ማተሚያ ታሪክ ሁሉ ድል አይምሰላችሁ። በቅኝ ግዛቶቹ የመጀመሪያው ጋዜጣ በ1690 ቦስተን ላይ ወጣ፤ ቤንጃሚን ሃሪስ የሚባል ሰው አወጣው። አንድ እትም ብቻ ነው የወጣው። ያለ ፈቃድ ታተመ፣ ነገሥታትን ነካ ተብሎ በአራተኛው ቀን ገዢውና ምክር ቤቱ ዘጉት። ግን ስለዚህ ጋዜጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ወገዳ ገበያ ለዋለ ሰው ይገባዋል። አራት ገጽ ነበረው። ሦስቱ ታትመዋል፣ አራተኛው ባዶ ነው። አንባቢው የራሱን ወሬ በብዕር ጨምሮበት ለወዳጁ እንዲልከው! የዓርብ ወሬ ሰኞ ላይ የሚጎረምስበትን መላ ቦስተኖች በወረቀት ላይ ሞክረውታል። እንግዲህ ሹሞቹ የትኛውን ገጽ ይበልጥ እንደፈሩ እናንተ ገምቱ። ከዚያ ወዲያ ዐሥራ አራት ዓመት ሌላ ጋዜጣ አልወጣም፤ ሲወጣም ያወጣው የፖስታ ቤቱ ሹም ነው፣ በፈቃድ።

ጎንደር ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው አልነበረም። ከሳሹ ንጉሥ፣ ዳኛው ንጉሥ፣ ይቅር ባዩም ንጉሥ። ግን ኮዝቢና ቴዎድሮስ አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ሁለቱም ጸሐፊውን ወይም አታሚውን ሲይዙ ቃሉን የያዙ መሰላቸው። አንዱን ብራና ብታቃጥለው ነገሩ ሊጠፋ ይችላል። የታተመ ነገር ግን ከደራሲው ጋር አይታሰርም። ስተርን በንጉሡ አምባ በመቅደላ ላይ እግሩ በብረት ተጠፍሮ ሳለ መጽሐፉ ለንደን ውስጥ በየመደርደሪያው ነበር።

ወሬውም ተቀጣጠለ። እስረኞቹ በስውር የላኩት ደብዳቤ በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ዘመዶቻቸው ጮኹ፤ ፓርላማው ጠየቀ። ያ የተኛው ደብዳቤ ያን ጊዜ ተቀሰቀሰ። የንግሥቲቱ መልስ ሆርሙዝድ ራሳም በሚባል መልእክተኛ እጅ ለንጉሡ የደረሰው በኛ አቆጣጠር በጥር 1858 ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ የበረደ መሰለ፤ ከዚያ ራሳምም ታሰረ። በነሐሴ 1859 የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ለመላክ ቆረጠ።

አሁን ነው ወደ ወገዳ የምንገባው።

ንጉሡ በእነዚያ ዓመታት ከመላው አገር ከመቅደላ አምባ በቀር የቀራቸው ደብረ ታቦርና ዙሪያው ነው ማለት ይቻላል። ሠራዊቱ የሚበላው አጣ፤ የሚያበላው የቤጌምድር ገበሬ ሆነ። ጎተራ ተገለበጠ፣ ከብት ተነዳ፣ መንደር ነደደ። ገበሬውም ሸፈተ። የእስቴና የጋይንት ሰው ያየውን መከራ የጻፈ ጋዜጣ የለም። ስለ ስድሳ ያህል ፈረንጅ እስረኛ የለንደን ጋዜጦች ዓምድ በዓምድ ሲጽፉ፣ ስለ አንዲት የተቃጠለች የጋይንት ቀበሌ የጻፈ አንድም አልነበረም። እስረኞቹ ራሳቸው በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ነው ጭሱን ያነሡት፤ ያውም በማለፊያ። እኔ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አትታዘቡኝ።

ጋፋት ላይ በዚያው ሰሞን ሴባስቶፖል ተሠራ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ። በኛ አቆጣጠር በ1860 መግቢያ፣ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጠባ፣ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሠራዊቱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ የጋፋት ፈረንጆች ከነቤተሰባቸው፣ ሰረገላው፣ መድፉ። በጉና ጀርባ ጋይንትን ሊያቋርጡ።

መንገድ የለም። መንገዱን እየሠሩ መሄድ ነው። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ገደል ይናዳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ ከዚያ መድፉ በጠፍር ታስሮ በመቶ በሚቆጠር ሰው ይጎተታል። ንጉሡ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ ንጉሥ ሲያነሣ የማያነሣ ማን አለ? አንዳንድ ቀን የአንድ ጥይት ርቀት ያህል ተሄደ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ከኋላ የቀረ ወታደር ገበሬው ይጠብቀዋል። ጨጨሆን አልፈው፣ የቤጌምድርን በር ለቀው፣ በዋድላ ደጋ ወጥተው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ መቅደላ ሥር ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። ግማሽ ዓመት። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልዲያ በቻይና መንገድ በአውቶቡስ ስታልፉ ነፋስ መውጫ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ ጨጨሆ ላይ ገደሉን ስታዩ፣ ያ መድፍ በዚህ በኩል ማለፉን አስቡ፤ ከዚያ ደግሞ ሹፌሩ ቀስ እንዲል ንገሩት።

እንግሊዞቹ በሌላ በኩል መጡ፤ ከቀይ ባሕር በዙላ ገብተው በትግራይ ደጋ። ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ ዝሆን 44። ከጦሩ ጋር ግን ሌላ ጦር ነበር፤ የጋዜጠኛ ጦር። ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ስታንሊ ነው፤ የኒውዮርክ ሄራልድ ሰው። ዜንገር ለታሰረባት ከተማ ጋዜጣ የሚጽፍ።

ይህ ስታንሊ ብልጥ ነበር። ሲመጣ ስዊዝ ላይ ቆም ብሎ የቴሌግራፍ ቤቱን ሹም በገንዘብ ተወዳጀው፤ የእኔ ወረቀት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመህ ላከው ብሎ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን መረጡ። ጋዜጠኛው ሁሉ ጻፈ። የስታንሊ ወረቀት ቀድሞ ሄደ፤ ራሱ እንደሚተርከው፣ የእርሱ አልፎ የሌሎቹ ሳያልፍ በባሕር ሥር ያለው የቴሌግራፍ ገመድ ተበላሸ። ለንደን የገዛ ጦሯን ድል ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰማች። መንግሥቱ አላመነም ነበር አሉ፤ አንዳንዱ ጋዜጣም ስታንሊን ውሸታም ብሎ ሰደበው፣ ገመዱ ተጠግኖ የራሳቸው ወሬ እስኪመጣ። ለአንድ መጽሐፍ የተጀመረ ጠብ በጋዜጣ እሽቅድምድም ተዘጋ።

እስረኞቹ ተፈቱ። ስተርንም ተፈታ፤ ለንደን ገብቶ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ ስለ እስራቱ። አብሮ የታሰረው ሐኪም ብላንክም አሳተመ፤ ራሳምም በዓመቱ ሁለት ቅጽ አወጣ። ሰንሰለቱ ራሱ ለማተሚያው ቀለብ ሆነ።

ከመቅደላ ወደ ባሕር የሄደው ግን እስረኛ ብቻ አይደለም። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉት ከጎንደር አድባራት ያስጋዙት የብራና መጽሐፍ አምባው ላይ ተከምሮ ነበር። ከብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ለዚሁ ተብሎ ከጦሩ ጋር መጥቷል። ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ዳላንታ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ወደ 350 የሚሆነው ብራና ሙዚየሙ ገባ፤ ዊሊያም ራይት የሚባል ሊቅ አንድ በአንድ ቆጥሮ መዘርዝር አሳተመለት፣ በፈረንጅ 1877። ወር ሙሉ በመቃ የተጻፈ ዳዊት በራይት መዘርዝር ውስጥ ቁጥርና ጥቂት መስመር ሆኗል። የጎንደር ደብር መጽሐፉን አጣ፤ ለንደን የመጽሐፉን ስም አተመች።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የንጉሡ ጸሐፊ ደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጽፏል፤ በግእዝ እንጂ በአማርኛ ዜና መዋዕል ባልተለመደበት ዘመን። ዘነብ የወንድይራድን ፉከራና የኮሶውን ነገር ይተርካል። አዎ፣ የራሳቸው ጸሐፊ! ስተርን በሰንሰለት የከፈለበትን ነገር ዘነብ ጽፎ እንጀራውን በልቷል። ልዩነቱ ግልጽ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ በዘነብ መጽሐፍ ኮሶውን የሚጠጣው ሌላ ነው። ልክ ናችሁ። ግን ሌላም አለበት። ዘነብ የሚጽፍላቸው ሰዎች ነገሩን ያውቁታል፣ ገበያው ቀድሞ አውርቶታል፤ ስተርን የጻፈው የንጉሡን እናት በስሟ እንኳ ለማያውቅ ሕዝብ ነው። ባዕድ ፊት መዋረድና በራስ ሰው መካከል መወራት አንድ አይደለም።

የዘነብ መጽሐፍ እስኪታተም ብዙ ቆየ። ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ነው፤ የታተመው በ1902 በፈረንጅ፣ የት ብትሉ ፕሪንስተን፣ አሜሪካ፣ ከኒውዮርክ ብዙም ሳይርቅ።

በዚያው ዓመት ግድም አዲስ አበባ ላይ አንድርያስ ካቫዲያ የሚባል ግሪካዊ ሳምንታዊ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመረ፤ ዐፄ ምኒልክ "አእምሮ" ብለው ስም አወጡለት። ማተሚያ ስለሌለ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ 24 ቅጂ። የቁም ጸሐፊ እጅ ጋዜጣ ሲጽፍ አስቡት! በኋላ ማባዣ ተገኘለትና ቅጂው 200 ደረሰ። በኛ አቆጣጠር በ1914 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ በ1917 ማተሚያ ቤቱ በስሙ ጋዜጣ አወጣ። አሜሪካ ላይ ማተሚያውን የተከለው ባለ እጅ ነው፣ ሹሙ ኋላ ሊዘጋው መጣ። በኛ አገር ተካዩም ዘጊውም ቤተ መንግሥት ሆነ፤ የኛ ዜንገሮች ችግር ብዙው ከዚህ ይመነጫል እላለሁ፣ የሚከራከረኝ ካለ ይከራከረኝ።

ብርሃንና ሰላም በተቋቋመበት በ1914 አስመራ ላይ የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ "የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ"። ደራሲው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ቤጌምድር፣ ይፋግ የተወለዱ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ ያለችው ይፋግ። ምንኩሉ በስዊድኖች ትምህርት ቤት ተምረው፣ በርሊን ድረስ ሄደው አማርኛና ግእዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እርሳቸውም በሃይማኖት ነገር ተከሰው ታስረው ያውቃሉ። መጽሐፋቸው ግን ታትሞ አላበቃም፤ አንዱ እትም ሲያልቅ ሌላው እየተተካ እስከ ዛሬ ይሸጣል።